ስለ ሁለት ስንኞች፦ ጥያቄና መልስ

የምንነጋገርባቸው ስንኞች እነዚህ ናቸው። የራሴ ስለሆኑ ሳትራሩ ጠይቁ።

መብራቱን አጥፍቼ ደጁን ሳይ አደርኩኝ፣
ነፋስ በር ሲመታ ሰው እየመሰለኝ

ጥያቄ፦ ምጣኔው (የስንኙ ርዝመት) የሚቆጠረው በፊደል ነው? «መብራቱን አጥፍቼ» 9 ሆነብኝ።

መልስ፦ በዓይን ሳይሆን በጆሮ ይቁጠሩት። መብ-ራ-ቱን-አጥ-ፍ-ቼ፤ 6 ቀለም፣ ማለትም ባንድ ጊዜ የሚወጣ 6 የድምፅ ክፍል። ብ፣ ን እና ጥ እዚህ ቦታ አናባቢያቸው ስለተዋጠ ከቀደማቸው ቀለም ጋር ይጠቃለላሉ። ፍም ሳድስ ነው፤ ነገር ግን አናባቢው ስለሚሰማ ራሱን ችሎ ይቆጠራል። የቀሩት ሦስት ሐረጎችም (ግማሽ ስንኞች) 6 ናቸው። ስንኙ እንዲህ በ12 ቀለም፣ 6 በ6 ተከፍሎ ሲሄድ የወል ቤት ይባላል። 5 በ5 ቢሆን ሰንጎ መገን፣ 4 በ4 ቢሆን ቡሄ በሉ እንለው ነበር።

ጥያቄ፦ መምህር፣ «አደርኩኝ» እና «መሰለኝ» ቤት መትተዋል፣ መጨረሻቸው በድምፅ ገጥሟል፣ ይባላል?

መልስ፦ መትተዋል፤ ግን በጭንቅ። የሚገናኙት በኝ ብቻ ነው። ይባስ ብሎ «አደርኩ» ብዬ ብተወው የቀለሙ ቁጥር አይለወጥም ነበር፤ ስለዚህ ኝ የመጣችው ቤት ለማስመታት ብቻ መሆኑ ይታወቅባታል። ስንፍናዬ ነው።

ጥያቄ፦ ሰምና ወርቅ አለው?

መልስ፦ የለውም። ግጥም ሁሉ ቅኔ አይደለም።

ጥያቄ፦ በትንታኔዬ ላይ ስሜቱን «ናፍቆት» ብዬ ብጽፍ ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም፤ ናፍቆቱ የት እንደተደበቀ ያሳዩ። ሰውየው መብራት አጥፍቷል፤ ላየው ሰው የተኛ ይመስላል። ግን ደጁን እያየ ነው። ይጠብቃል፣ መጠበቁ እንዲታወቅበት ግን አይፈልግም። ቀጥሎ «ሰው» የምትለዋን ቃል ልብ ይበሉ። ማንን እንደሚጠብቅ ያውቃል፤ በስም መጥራቱን ግን አልደፈረም። እኔ ብሆን ትንታኔዬን ከዚህች ቃል እጀምር ነበር።

ጥያቄ፦ ሁለቱን ስንኞች ባገላብጣቸውስ? ምጣኔውም ቤቱም አይፈርስም።

መልስ፦ እስኪ ድምፅዎን ከፍ አድርገው ያንብቡት፦

ነፋስ በር ሲመታ ሰው እየመሰለኝ፣
መብራቱን አጥፍቼ ደጁን ሳይ አደርኩኝ።

አሁን ዐረፍተ ነገሩ በማሰሪያ አንቀጹ፣ በ«አደርኩኝ»፣ ተዘጋ። ሌሊቱ አለፈ፤ ነገሩ ወሬ ሆነ። በፊተኛው ግን ማሰሪያው ቀድሞ ስለወጣ ግጥሙ «እየመሰለኝ» ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ሰውየው ዛሬም ከበሩ ጀርባ ያለ ይመስላል። መጨረሻው ላይ አራት ነጥብ ያላደረግሁትም ለዚህ ነው።