ጣሪያው ጠማማ ነው ተብሎ ካቢኔቱ አብሮ አይጠምም

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ሦስተኛ ፎቅ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስት ሜትር የኪችን ግድግዳ፣ የላይኛው ካቢኔት እስከ ጣሪያ ድረስ እንዲደርስ አዘሻል። አናጺው ለክቶ «ከበሩ ወደ መስኮቱ ጣሪያው 2 ሳንቲም ተኩል ይወርዳል፤ ካቢኔቱን በጣሪያው ልክ ልቁረጠው ወይስ ጣሪያው በጂፕሰም ይውረድ?» ብሎሻል። ከላይ የመለሱልሽ ሰዎች ደግሞ «አስለስኚው በቃ» አሉሽ።

መጀመሪያ አናጺሽን አመስግኚው። ሳይቆርጥ የሚጠይቅ ብዙ አይገኝም። እኔ ራሴ ሥራውን ስጀምር ከማይጠይቁት ነበርኩ፤ ዋጋውን የከፈለችው ደግሞ የገዛ እህቴ ናት። የእሷን ኪችን ስሠራ ጣሪያውን በበሩ በኩል አንድ ቦታ ብቻ ለካሁ፣ 2 ሜትር ከ58። በዚያ ልክ ቆርጬ፣ ጠርዙን አስለጥፌ፣ ይዤ ሄድኩ። ሁለቱ ካቢኔቶች ገቡ፤ ሦስተኛው፣ የመስኮቱ ጥግ ላይ ያለው፣ አልገባም አለ። ሁሉንም አውርጄ እንደገና ዝቅ አድርጌ መስቀል ሲገባኝ፣ አፍሬ የእሱን ብቻ አናቱን ቆረጥኩለት። ገባ። በሩ ግን ሲከፈት የጣሪያውን ልስን ይፍቀዋል። እስከ ዛሬ እዚያ ጣሪያ ላይ እንደ ጨረቃ የተቀረጸ ጭረት አለ፤ እህቴ ቡና ልታፈላ ስኳር ባወጣች ቁጥር ስሜን ትጠራለች።

ጣሪያው ለምን ጠማማ ሆነ ብለሽ አትጨነቂ። ሶሌታው (የኮንክሪቱ ጣሪያ) ሲሞላ የካሳፎርማው (ኮንክሪቱ የሚፈስበት ቅርጽ) ድጋፍ ትንሽ ዝቅ ካለ ኮንክሪቱ እንደዚያው ሆኖ ይደርቃል፤ ከዚያ ለሳኙ በዓይኑ «አስተካክሎ» ይሄዳል። ሦስት ሜትር ላይ 2 ሳንቲም ተኩል ያየሁት ትልቁ አይደለም። ስንጥቅ ካለ፣ ስንጥቁም እየሰፋ ከሄደ ግን ጉዳዩ የአናጺ አይደለም፣ መሐንዲስ ይየው።

አሁን ወደ ምርጫው። በጣሪያው ልክ መቁረጥ የሚለውን እርሺው። ግድግዳሽ አምስት ባለ 60 ሳንቲም በር ይይዛል እንበል። 2 ሳንቲም ተኩል ለአምስት ሲካፈል እያንዳንዱ በር ከጎረቤቱ በ5 ሚሊ ያጥራል ማለት ነው። ካቢኔቱን ራሱን አዘንብሎ መስቀል ደግሞ ይባስ፤ ከሥሩ ያለው የሴራሚክ መገጣጠሚያ ቀጥ ያለ መስመር ስለሆነ ያጋልጠዋል። የሰው ዓይን ጣሪያን ብዙም አይመረምርም፤ የካቢኔትን ታችኛ ጠርዝና የግራናይቱን መስመር ግን ሳያውቀው ያነጻጽራል። ስለዚህ ካቢኔቱ ሁሌም በውሃ ልክ፣ ማለትም ወደ የትም ሳያዘነብል አግድም ቀጥ ብሎ፣ ይሰቀላል፤ ጠማማነቱ ከላይ ባለው ክፍተት ውስጥ ይደበቃል።

የልኬቱ ነገር እንዲህ ነው። ላዘር ካለ ጥሩ፤ ከሌለ በዚያ ግልጽ የፕላስቲክ ጎማ ውስጥ ውሃ ሞልቶ መለካት ይበቃል፣ ጎማው ውስጥ የአየር አረፋ እንዳይቀር ብቻ ይታይ። ከወለሉ አንድ ሜትር ገደማ ላይ ግድግዳውን ሙሉ የሚያቋርጥ የውሃ ልክ መስመር ይሠመር። ከዚያ በየ50 ሳንቲሙ ከመስመሩ ወደ ላይ እስከ ጣሪያ፣ ወደ ታች እስከ ወለል ይለካና ቁጥሩ እዚያው ግድግዳው ላይ በእርሳስ ይጻፍ። ወለሉን የምልሽ እሱም ቀጥ ያለ እንዳይመስልሽ ብዬ ነው፤ የታችኛው ካቢኔት ከወለሉ ከፍተኛ ቦታ ይጀምራል፣ የላይኛው ደግሞ ከጣሪያው ዝቅተኛ ቦታ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ግድግዳው ጋ ብቻ ሳይሆን ካቢኔቱ ፊቱ በሚደርስበት፣ ከግድግዳው 35 ሳንቲም ወጣ ብሎም ይለካ። ጣሪያው ወደ ክፍሉ መሀል ሆድ ካለው እዚያ ነው የሚይዝሽ።

በአንቺ ኪችን እኔ ብሆን ዝቅተኛው ቦታ ላይ 4 ሳንቲም እተዋለሁ፤ በበሩ በኩል 6 ሳንቲም ተኩል ይሆናል። ያንን ክፍተት አንድ ረጅም የኤምዲኤፍ (ተጨምቆ የተሠራ ጣውላ) ቁራጭ ይሸፍነዋል። ቁራጩ መጀመሪያ ከሚያስፈልገው ሰፋ ተደርጎ፣ 8 ሳንቲም ያህል፣ ይቆረጥና ከካቢኔቱ ፊት በውሃ ልክ ቆሞ ጣሪያውን እስኪነካ ይጠጋል። ቀጥሎ እርሳስ ከትንሽ እንጨት ጋር ይታሰርና እንጨቱ ጣሪያውን እየታከከ ከጫፍ ጫፍ ይጎተታል። የእርሳሱ መስመር የጣሪያውን እያንዳንዱን ጉብታ ይገለብጣል። በመስመሩ ላይ በትንሿ የኤሌክትሪክ መጋዝ መቁረጥ ነው፤ ጥርሷ ወደ ላይ ስለሚበላ ከጀርባ በኩል ቢቆረጥ ፊቱ አይፈረካከስም። የላይኛው ጠርዝ ከጀርባው በኩል ትንሽ ዘመም ተደርጎ ቢሞረድ ደግሞ ፊቱ ብቻ ከጣሪያው ጋር ጥብቅ ብሎ ይገጥማል። ታችኛው ጠርዝ አይነካም፤ ቀጥ ብሎ ካቢኔቱ አናት ላይ ያርፋል። የሚቀረው አንድ ሁለት ሚሊ ቀዳዳ ቀለም በሚቀበል አክሪሊክ ይደፈናል። ተራ ሲሊኮን እንዳይቀቡልሽ፣ ቀለም አይዝም።

ቁራጩ ከ4 ወደ 6 ሳንቲም ተኩል ሲሰፋ አይታይም ወይ ትዪኛለሽ። በካቢኔቱ ቀለም ከሆነ ይታያል። እኔ ሁለት ነገር አደርጋለሁ፦ ከበሩ ፊት ገባ አድርጌ ከሳጥኑ ጋር እኩል አደርገዋለሁ፣ ከዚያም በጣሪያው ቀለም አስቀባዋለሁ። ያኔ ዓይን የግድግዳ ቁራጭ አድርጎ ያልፈዋል፤ በሮቹም በነፃነት ይከፈታሉ። ወደ ላይ የሚከፈት በር ካዘዝሽ ግን የማጠፊያውን መመሪያ ወረቀት ለአናጺው አሳዪው፣ አንዳንዱ ከ4 ሳንቲም በላይ ክፍተት ይፈልጋል።

ጂፕሰሙ መጥፎ ሐሳብ አይደለም፤ ልዩነቱ ከ4 ሳንቲም በላይ ቢሆን እኔም እሱን እል ነበር። ነገር ግን ካቢኔቱ ከመለካቱ በፊት ይሠራ፣ በኋላ አይደለም። ደግሞ ከላይሽ ያለው የሰው መታጠቢያ ቤት ከሆነ ቆም ብለሽ አስቢ። ከላይ ውሃ ሲያፈስ ባዶ ሶሌታ በማግስቱ ያሳይሻል፤ ጂፕሰም ግን ሰብስቦ ሰብስቦ አንድ ቀን ያወርደዋል። ልስኑን ማወፈርም ያው ነው። 2 ሳንቲም ተኩል ልስን ጣሪያ ላይ ለመለጠፍ ድፍረት ይጠይቃል፤ ሲወድቅ ድስትሽ ላይ ነው።

የመጨረሻው የፍሪጁ ጎን ያዘዝሽው ቁም ካቢኔት ነው። ስለ እሱ ማንም አልነገረሽም። ተኝቶ ተገጣጥሞ የሚነሳ ካቢኔት ሲቆም በጎኑ ሳይሆን በሰያፉ (ከጥግ እስከ ተቃራኒው ጥግ ባለው ርዝመት) ነው ጣሪያውን የሚያልፈው። 2 ሜትር ከ50 ቁመት፣ 60 ጥልቀት ያለው ሳጥን ሰያፉ 2 ሜትር ከ57 ነው። የአንቺ ጣሪያ በመስኮቱ በኩል 2 ሜትር ከ55 ተኩል ብለሻል፣ ስለዚህ እዚያ ጋ ከቆመ ጣሪያውን ሳይቦጭቅ አይነሳም። ከሥሩ ያለው የ10 ሳንቲም እግር ተለይቶ በኋላ ቢገባለት ሳጥኑ 2 ሜትር ከ40 ይሆናል፣ ሰያፉም 2 ሜትር ከ47 ተኩል ገደማ፣ በቀላሉ ይቆማል። አናጺሽ እግሩን ለየብቻ ነው የሚሠራው ወይስ ከሳጥኑ ጋር? ጠይቂውና ጻፊልኝ፤ ከሳጥኑ ጋር ከሆነ ሳይቆረጥ ድረሺበት።