መልስ፦ በማደንዘዣ ላይ ያለ ሕፃን የልብ ምቱ ሲወርድ አትሮፒን (የልብ ምትን የሚያፈጥን መድኃኒት) ይቅደም ወይስ ኦክስጅን?

ኦክስጅን ይቅደም። የመተንፈሻ ቱቦ ሲገባለት የልብ ምቱ ከ140 ወደ 70 የወረደው የ7 ወር ሕፃን በቅድሚያ የሚጠረጠረው በአየር እጥረት ስለሆነ፣ ወደ አትሮፒኑ ከመሄድዎ በፊት ሃሎቴኑን (በመተንፈስ የሚሰጠውን ማደንዘዣ) ይዝጉ፣ 100% ኦክስጅን ይስጡ፣ ደረቱም በሁለቱም በኩል እኩል መነሣቱን አይተውና አዳምጠው ያረጋግጡ።

የሕፃን ልብ በአንድ ምት የሚረጨውን ደም ብዙ መጨመር ስለማይችል፣ ምቱ ሲቀንስ የደም ግፊቱም አብሮ ይወርዳል፤ ሃሎቴን ደግሞ ራሱ ልብን ያደክማል። እኛ የምንሠራው ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላትና አየሯ ስስ በሆነው አዲስ አበባ በመሆኑ፣ አስቀድሞ በቂ ኦክስጅን ያልወሰደ ሕፃን ፋታ አይሰጥም።

ቀዶ ሐኪሙ አንጀት ወይም የዓይን ጡንቻ እየሳበ ከሆነ እጁን እንዲያቆም ይጠይቁት፤ መሳቡ በነርቭ በኩል የልብ ምቱን ሊያወርድ ስለሚችል፣ አትሮፒን በኪሎ 20 ማይክሮግራም ተገቢ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። አየር በደንብ እየገባ ምቱ ከ60 በታች ከሆነና የደም ዝውውሩ ከደከመ ግን ሳይዘገዩ ደረቱን መጫን ይጀምሩ፤ አድሬናሊንም በኪሎ 10 ማይክሮግራም በደም ሥር ይስጡ።

ከልምዴ አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር፦ ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ ይዘገያል። አንድ ቀን መለኪያው 94% እያሳየኝ፣ ደረቱ ላይ በለጠፍኩት ማዳመጫ የልብ ድምፁ እየራቀ ሲሄድ ሰማሁ፤ ቱቦው ወደ ቀኝ ሳንባ ብቻ ገብቶ ነበር፣ በአንድ ሴንቲ ሜትር ስስበው ምቱ ተመለሰ። ስለዚህ ማዳመጫው ከጆሮዎ አይለይ፤ 1 ሚሊግራም አድሬናሊንም በ10 ሚሊ ሊትር ተበጥብጦና ስሙ ተጽፎበት፣ ማደንዘዣው ሳይጀመር ጠረጴዛዎ ላይ ይቀመጥ። ለ7 ኪሎ ሕፃን ከዚያ የሚሰጠው 0.7 ሚሊ ሊትር ነው።