መሬቱን ከመግዛትህ በፊት

የ22 ዓመት ወጣት ከኦሮራ፣ ኮሎራዶ ጽፎልኛል። ነርሲንግ ይማራል። ከጓደኞቹ ጋር ከግሪሊ ከተማ በስተ ምሥራቅ ያለውን የዲርፊልድን፣ የድሮዋን የጥቁር ገበሬዎች መንደር ፍርስራሽ ካየ ወዲህ ልቡ ሸፍቷል። ትምህርቱን ትቶ፣ በመጋዘን ሥራ ባጠራቀማት 18 ሺህ ዶላር እዚያው ዌልድ ካውንቲ መሬት ሊገዛ፣ ቤቱን በእጁ ሊሠራና ለገበሬዎች ጎተራ እየሠራ ሊኖር ያስባል። እናቱ «እንጨት ልትጠርብ ነው አሜሪካ ያመጣሁህ?» ብለው አልቅሰዋል።

ወንድሜ፣ አናጢ ልሁን ማለትህ አላስደነገጠኝም። ያስደነገጠኝ መሬቱን ማስቀደምህ ነው።

ዲርፊልድን ኦሊቨር ቱሳን ጃክሰን የመሠረታት በ1910 ነው፤ ጥቁሮች የራሳቸውን መሬት እንዲያርሱ ብሎ። በመጀመሪያው ክረምት ከሰፈሩት ሰባት ቤተሰቦች የእንጨት ቤት የነበራቸው ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ሌሎቹ በድንኳንና ኮረብታ ፈልፍለው በሠሩት ጉድጓድ ከረሙ። ታዲያ በምን ኖሩ? ብዙዎቹ ወንዶች ለሌላ ገበሬ በደመወዝ ይሠሩ ነበር። መሬቱን የሚጠብቁት ሚስቶቻቸው ነበሩ። አንተ ከፍርስራሹ ላይ ያላየኸው ይሄንን ደመወዝ ነው።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እህል ተወደደ፣ እነሱም አለፈላቸው። ጦርነቱ አልቆ ዋጋው ወደቀ። በ1930ዎቹ ደግሞ ድርቁና አቧራው መጣ። በ1940 መንደሯ ውስጥ የቀሩት 12 ሰዎች ናቸው። ሰነፎች ስለነበሩ አይደለም። መስኖ አልነበራቸውም፣ የሚያዩት ሰማይ ሰማዩን ነበር። አንተም መሬቱ ለምን እንደረከሰ ጠይቅ። ውሃ ከሌለው፣ ጉድጓድ ማስቆፈሩ ብቻ ያቺን ገንዘብ ጥርግ ሊያደርጋት ይችላል።

ስለዚህ መሬቱ ይቆይ። መጀመሪያ ሙያ ያዝ፤ እኔ የምመክርህ የኤሌክትሪክ ሥራን ነው። ኮሎራዶ ውስጥ ለአናጢ የስቴት ላይሰንስ የሚባል ነገር የለም፣ ለኤሌክትሪሺያን ግን አለ። 8 ሺህ ሰዓት፣ ቢያንስ አራት ዓመት፣ እየተከፈለህ ትማራለህ። እኔ ቢሮ ከመቀመጤ በፊት ግድግዳ ውስጥ ገመድ ስጎትት ነው የኖርኩት፤ ባዳላ አትፍረድብኝ። ደግሞ ዌልድ የወተት ላምና የመስኖ ፓምፕ አገር ነው። ፓምፕ ሲቆም ገበሬ ዋጋ አይከራከርም። አናጢነቱን ደግሞ ቅዳሜና እሁድ፣ ሙያውን ከሚያውቅ ሰው ሥር ሆነህ ልመደው።

የእናትህ ነገር ግን ያናድደኛል፣ በእሳቸው ብቻ አይደለም። አገር ቤት ባለ እጅን ስንንቅ ኖረናል። ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጅን መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። እኛ ንቀቱን በሻንጣ ይዘነው መጣን። እናትህ የሚኖሩበትን አፓርታማ የሠራው ነርስ አይደለም። ይሁንና የቤት ኪራዩን ግማሽ የምትከፍለው አንተ እንደሆንክ ጽፈሃል። እንባው ለኪራዩም ጭምር ይመስለኛል። ስለ ሕልምህ ማውራቱን ተውና የጀማሪ ደመወዝህን፣ ከእሱም በየወሩ ስንት እንደምትሰጣቸው ወረቀት ላይ ጽፈህ አሳያቸው።

ብቸኝነት ያልከው አያሳስብህ፤ ግሪሊ ከኦሮራ የአንድ ሰዓት መንገድ ናት። ነርሲንጉን የጀመርከውን ሴሚስተር ጨርስ፣ የተከፈለበት ነው።

መንጃ ፈቃድ ይኑርህ አይኑርህ አልነገርከኝም። ከሌለህ ዛሬውኑ ጀምር። የግንባታው ቦታ በየጊዜው ይቀያየራል፣ ንጋት ላይ መድረስ የማይችል ልጅ ደግሞ ማንም አይቀጥርም።