ቁጥሩን ማን ያነበዋል?

ጥያቄ፦ ጎንደር ውስጥ መንግሥታት በጋራ ባቋቋሙት አንድ ድርጅት ቢሮ የክትትልና ግምገማ ሠራተኛ ነኝ። በየሩብ ዓመቱ 40 አመልካች (ሥራው የት እንደደረሰ የሚያሳዩ መለኪያዎች) ቅጽ ላይ ሞልተን እንልካለን። አንድም ቀን መልስ መጥቶልን አያውቅም። ልኬታችን ለሥራው እንዲጠቅም ምን ይደረግ? (ከአዘዞ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ እኔም ያንን ቅጽ ለዓመታት ሞልቻለሁ። ድካምህ ይገባኛል።

አንድ ጊዜ ወገራ ወርጄ ሪፖርታችን «ተጠናቋል» ያለውን የእጅ ፓምፕ ሞከርኩት። እጀታው ባዶውን ይወጣል፣ ይወርዳል። ጀሪካን የያዙ እናት «ልጄ፣ የጠጣነው ሪባን የተቆረጠ ሰሞን ነው» አሉኝ። የተበላሸው አንድ ላስቲክ ነበር። ቅጻችን ስንት ፓምፕ እንደተተከለ እንጂ ውሃ ይወጣ እንደሆነ አይጠይቅም። ለአለቃዬ ስነግረው «ይሄ ከተጻፈ ለጋሹ ይሸሻል» ብሎ ዘጋው።

መመሪያ ጠፍቶ አይደለም። የተመድ ጠቅላላ ጉባኤ በውጤት ላይ የተመሠረተ በጀትን የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ2000 መጨረሻ ነው። ለጋሽ አገሮችም እ.ኤ.አ. በ2002 ሞፓን የተባለውን መረብ መሥርተው እንዲህ ያሉ ድርጅቶችን ይገመግማሉ። ግቡ ከላይ ሲመጣ ላላ ያለ መሆኑም እውነት ነው። ለምሳሌ የአፍሪካ ኅብረት 55 አባል አገሮች አሉት። «አቅም ማጎልበት» የሚል ቃል ሁሉንም ያስማማል፤ ሲለካ ግን መያዣ የለውም። እሱን እኔና አንተ አንቀይረውም።

በእኛ ቢሮ ነገሩን የቀየረችው ቀጥላ የመጣችው አለቃ ናት። ሰኞ ሰኞ ስብሰባው ሲጀመር አንድ ቁጥር ታነሳና «በዚህ ምክንያት ምን እንቀይር?» ትላለች። መልስ ያላገኘችለትን አመልካች ሰረዘችው። የቀሩትን ከወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤትና ከውሃ ኮሚቴዎቹ ጋር ቁጭ ብለን መረጥን። «ከ6 ወር በኋላ ውሃ ይወጣል?» የሚለው ጥያቄ የገባው ያኔ ነው። የመጀመሪያው ውጤት ያሳፍር ነበር። እሷ ግን እንዳለ ላከችው፤ ከሥሩ የመለዋወጫ ገንዘብ ጠየቀችበት። ለጋሹ አልሸሸም። መጥፎ ዜና ያመጣ ሠራተኛ እንደማይቀጣ ስናይ፣ እውነቱን መጻፍ ጀመርን።

ስለዚህ አዲስ ሶፍትዌር አትጠይቅ። ከ40ዎቹ ውስጥ ውሳኔ የሚያስለውጡ ሦስት አመልካቾች ምረጥ። ከዚያ አለቃህን ቢሮ ውስጥ አታሳምነው፤ መኪና ላይ አስወጥተህ ራቅ ካለው ቀበሌ ውሰደው፤ ፓምፑንም ራሱ ይሞክረው።