ከቀመሩ በፊት ቁጥሩን፦ ለጀማሪ የኢኮኖሚክስ መምህራን

ዘንድሮ የመጀመሪያ ክፍላችሁን ለምትረከቡ፣

ተማሪ ሁሉ ሒሳብ ስለከበደው የሚወድቅ እንዳይመስላችሁ። ብዙው ማስላቱን ይችልበታል፤ ያሰላው ቁጥር ምን እንደሚል ስትጠይቁት ነው ዝም የሚለው። ስለዚህ ቀመሩን አቆዩትና ቁጥር ስጡት።

ኢላስቲሲቲን (ዋጋ በ1% ሲጨምር የሚፈለገው መጠን በስንት በመቶ እንደሚለወጥ) ስታስተምሩ ሰሌዳው ላይ «መጠን = 100 − 2 × ዋጋ» ብላችሁ ጻፉ። ዋጋው 10፣ 25 እና 40 ሲሆን መጠኑ 80፣ 50 እና 20 ይሆናል። ዋጋ በ1 ሲጨምር መጠኑ የትም ቦታ በ2 ይቀንሳል። ኢላስቲሲቲው ግን −0.25፣ −1 እና −4 ነው። መስመሩ አንድ፣ ጠባዩ ሦስት። እዚህ አትቸኩሉ፤ ገቢውንም ያስሉት፦ 800፣ 1250፣ 800። ዋጋ መጨመር እስከ 25 ድረስ ገቢ እንደሚያሳድግ፣ ከዚያ ወዲያ እንደሚጎዳ ሳትነግሯቸው ይደርሱበታል።

ወደ ግራፉ ስትሄዱ ወጥመድ አለ። ከእንግሊዛዊው የኢኮኖሚክስ ሊቅ ከአልፍሬድ ማርሻል በወረስነው ልማድ ዋጋን በቋሚው ዘንግ ላይ እናስቀምጣለን። ተማሪው ግን ከሒሳብ ክፍል የመጣው ምክንያትን አግድም፣ ውጤትን ሽቅብ ማስቀመጥ ለምዶ ነው። ግራፉ ላይ የሚያየው ስሎፕ (የመስመሩ ተዳፋት) −2 ሳይሆን −0.5 ነው። በጊዜ ካልነገራችሁት ፈተና ላይ ገልብጦ ይመልስላችኋል፤ ጥፋቱም የእሱ ብቻ አይደለም።

ሪግሬሽን (ለነጥቦቹ ይበልጥ የሚስማማውን መስመር መፈለግ) ላይ ሶፍትዌሩን ለመክፈት አትጣደፉ። አንደኛው ተለዋዋጭ ከ1 እስከ 5፣ ሁለተኛው 3፣ 5፣ 4፣ 8፣ 10 ይሁን፤ በእጃቸው ሠርተው ስሎፕ 1.7፣ መነሻ (መስመሩ ቋሚውን ዘንግ የሚቆርጥበት) 0.9 ያግኙ። ቀሪዎቹ ስሕተቶች (ነጥቦቹ ከመስመሩ ወደ ላይና ወደ ታች የሚርቁበት ልዩነት) ተደምረው ዜሮ ሲመጡ አንዴ በዓይኑ ያየ ተማሪ አይረሳውም። ቀጥሎ የስታቲስቲክስ ሊቁ ፍራንሲስ አንስኮም በ1973 ያቀረባቸውን አራት የመረጃ ስብስቦች አሳዩ። እያንዳንዳቸው 11 ነጥብ አላቸው፤ የአራቱም ኮረሌሽን (የሁለቱ ተለዋዋጮች የዝምድና ጥንካሬ) 0.82 ገደማ ነው፣ የሪግሬሽን መስመራቸውም አንድ ነው። ሲሳሉ ግን አንዱ ቅስት ሆኖ ይወጣል፣ በሌላው ደግሞ አንዲት የራቀች ነጥብ ብቻዋን መስመሩን ትጎትታለች። ግራፍ ያላያያዘ የቤት ሥራ አትቀበሉ።

መቶኛና የመቶኛ ነጥብም ይምታታባቸዋል፦ ከ10% ወደ 12% መውጣት የ2 መቶኛ ነጥብ፣ ወይም የ20% ጭማሪ ነው። ሎጋሪዝም ላይም እንዲሁ፦ በሪግሬሽን ውስጥ የውጤቱ ተለዋዋጭ በሎጋሪዝም ሲሆን 0.08 የሆነን ስሎፕ «8% ገደማ» ማለት ያስኬዳል፤ 0.5 ግን 50% ሳይሆን 65% ያህል ነው።

ለፈተና ያለቀለት የሪግሬሽን ሠንጠረዥ ስጡና ትርጉሙን በሁለት ዓረፍተ ነገር ያስጽፉ። ማረሙ አድካሚ ነው፤ ማን እንደገባው የሚለየው ግን እሱ ነው።