ቀሪው ከምን በላይ ይጻፋል?

ጥያቄ፦ የ5ኛ ክፍል ልጄ «23/4ን ወደ ድብልቅ ቁጥር ለውጥ» ተብሎ 5 3/23 ብሎ መለሰ። ማካፈሉን ሳየው ልክ ነው፤ መልሱ ግን ኤክስ ተደርጎበታል። የሳተው ምኑ ላይ ነው?

መልስ፦ ማካፈሉስ ልክ ነው፤ 23 ለ4 ሲካፈል 5 ደርሶ 3 ይቀራል። የሳተው የተረፈውን 3 ያስቀመጠበት ቦታ ነው። ታሕቱ (ከመስመሩ በታች ያለው ቁጥር) የሚነግረን አንዱ ሙሉ ስንት ቦታ እንደተቆረጠ ነው። እያንዳንዱ ዳቦ እኩል አራት ቦታ ተቆርጦ 23 ቁራሽ ቢኖር፣ 20ው ቁራሽ 5 ሙሉ ዳቦ ይወጣዋል። የተረፉት 3 ቁራሾች አሁንም ሩብ ሩብ ናቸው፤ ስለተረፉ መጠናቸው አይለወጥም። ስለዚህ መልሱ 5 3/4 ነው። ይህን ስህተት የሚደጋግም ልጅ ማካፈል ከመጀመሩ በፊት የክፍልፋዩን መስመር አስምሮ 4ን ከሥሩ ይጻፍ። ያኔ ላዕሉን (ከመስመሩ በላይ ያለውን ቁጥር) ብቻ ነው የሚፈልገው።

መልሱን ለመፈተሽ ሙሉውን ቁጥር በታሕቱ አባዝቶ ላዕሉን መደመር ነው፦ 5 × 4 + 3 = 23። የልጅዎ መልስ በዚሁ መንገድ 5 × 23 + 3 = 118፣ ማለትም 118/23 ይሆናል። ታዲያ ይህ ፍተሻ የማይዘው ስህተትም አለ። 4 7/4 ብሎ የጻፈ ተማሪም 4 × 4 + 7 = 23 ያገኛል! ዋጋው እኩል ነው፤ ግን 7 ውስጥ ገና አንድ 4 ስላለ ሥራው አላለቀም። ቀሪው ምንጊዜም ከታሕቱ ማነስ አለበት።

26/8 ደግሞ 3 2/8 ይሰጣል፤ ይህም ተቃሎ 3 1/4 ይባላል። 24/4 ላይ ቀሪ ስለሌለ መልሱ 6 ብቻ ነው፤ «6 0/4» አይጻፍም።

ጥያቄ፦ በስልኬ ካልኩሌተር 100ን ለ7 ሳካፍል 14.2857142 ይለኛል። ቀሪው 28 ነው?

መልስ፦ አይደለም። ከነጥቡ በኋላ ያለው የአሥርዮሽ ቁጥር እንጂ ቀሪ አይደለም። 14ቱን ብቻ ይውሰዱ፤ 14 × 7 = 98፣ 100 − 98 = 2። መልሱ 14 2/7 ነው። በስልክ ሲጽፉት በ14ና በ2/7 መካከል ክፍተት ይተዉ፤ ካልተዉ 142/7 ተብሎ ይነበባል፣ እሱ ደግሞ 20 2/7 ነው።