ሰባት ዓመት የቆመች መኪና መጀመሪያ መቆም ትማር

የመኪና ጥያቄና መልስ፣ ከደሴ

ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ለዚህ እትም ሦስቱን መርጫለሁ። የመጀመሪያው ገጹን ሊጨርስብኝ ነው፤ ተራ የምትጠብቁ ትንሽ ታገሡኝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ቤታችን ደሴ፣ ሸዋ በር አካባቢ ነው። አባቴ ይነዳት የነበረች ኮሮላ ዲኤክስ፣ ሊብሬዋ ላይ «ኬኢ70፣ የ1982 ሞዴል» የሚል፣ ግቢያችን ውስጥ ሸራ ለብሳ ከቆመች ሰባት ዓመቷ ነው። አባቴ ካረፈ ወዲህ የነካት የለም። ሌላ መኪና መግዛት ይቅርና ዋጋ መጠየቅም ትቻለሁ፤ ስለዚህ ይቺኑ እዚሁ ግቢ ውስጥ በራሴ እጅ ላድሳት ነው። መካኒክ አይደለሁም፣ ግን ቁልፍ መያዝ አያስፈራኝም። ድሮም ዳገት ላይ ሰነፍ ስለነበረች ከፍ ያለ ሞተር ልገጥምላት፣ ሞላዋን ቆርጬ ዝቅ ላደርጋት፣ የቪትዝ ቸርኬ ላስርላትና ዕንቁ ነጭ ላስቀባት አስቤያለሁ። ጓደኞቼ «ከቀለሙ ጀምር፣ ሞራል ይሆንሃል» ይሉኛል። እርስዎስ ምን ይላሉ?

መልስ፦ አብሽር ልጄ። አባትህን ፈጣሪ ይማርልህ። በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ወደ አገር ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ እንዳንተ ያለው ደብዳቤ በዝቶልኛል፤ ሸራ የለበሰው ሁሉ ሊነሣ ነው መሰል። ጓደኞችህን ለቡና ጥራቸው እንጂ ለዚህ ሥራ አታማክራቸው። ቀለም መጨረሻ ነው። ሞተሩም ይቆይ። ከፍሬን ጀምር።

ይህን እኔ ያወቅኩት በድንጋጤ ነው። ወጣት ሳለሁ አንዲት የቆመች ዲኤክስ ገዝቼ ሞተሯን አስነሣሁ፣ ቀይ ቀለም አስቀባኋት፣ ፍሬኑን ሁለት ሦስቴ ረገጥ ረገጥ አድርጌ «ይይዛል» አልኩና ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ። የሐረጎን ቁልቁለት ሳጋምስ ፔዳሉ እግሬ ስር ለሰለሰ። ደግሜ ብረግጠው ወለሉ ድረስ ገባ፤ ሊጥ የረገጥኩ ነው የመሰለኝ። ካምቢዮውን ወደ ሁለት፣ ከዚያ ወደ አንድ አወረድኩ፤ የእጅ ፍሬኑን ቀስ በቀስ ሳብኩ፤ በመጨረሻ በተራራው በኩል ካለ የአፈር ክምር ጋር ጎኗን አላትሜ አቆምኳት። ከኋላዬ ይመጣ የነበረ የጭነት መኪና ሹፌር ወርዶ፣ አንዴ ዞሮ አያትና «ወንድምዓለም፣ ቀለሟ ግን ያምራል» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው የዘይት ዓይነት አዲስ ሲሆን የሚፈላው 205 ዲግሪ ላይ ነው፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን 140 ዲግሪ ይበቃዋል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። ያንን ሁሉ ቁልቁለት ፍሬን ላይ ተኝተህ ከወረድክ የዲስኩ ሙቀት ወደ ዘይቱ ያልፋል፣ ዘይቱ ይፈላል፤ እንፋሎቱን ደግሞ ብትረግጠው ይጨመቅልሃል እንጂ ፍሬኑን አይገፋልህም። ሰባት ዓመት የደሴን ጉም ሲጠጣ የኖረ ዘይት ምን እንደሚመስል ክዳኑን ከፍተህ እየው፤ አተላ ነው የሚመስልህ።

አራቱንም ጎማ አውልቅ። ግን ከዚያ በፊት አንድ ነገር፦ ክሪክ ማንሻ ነው፣ መደገፊያ አይደለም። ደሴ ውስጥ ሜዳ ግቢ ያለው ሰው ዕድለኛ ነው፤ ያንተም ግቢ ዘንበል ያለ ከሆነ መሬት የሚነኩትን ጎማዎች በድንጋይ ግራና ቀኝ ቆልፍ፣ ሻሲውን በወፍራም ግንድ ወይም በብረት መደገፊያ አሳርፍ፤ ከዚያ ወዲያ ነው እጅህን የምታስገባው። ከፊት ያሉት የፍሬን ፒስተኖች ተጣብቀው፣ ከኋላ ከበሮዎቹ ውስጥ ያሉት ትንንሽ ፖምፓዎች ዝገው ታገኛቸዋለህ። ጎሚኒዎቹን፣ ማለትም ዘይት እንዳያፈስ የሚይዙትን ላስቲኮች፣ በሙሉ ቀይር። ስታጥብ በአልኮል ወይም በራሱ በአዲስ የፍሬን ዘይት እጠብ፤ ቤንዚንና የሞተር ዘይት ጎሚኒውን ያሳብጡታል። ወደ ጎማዎቹ የሚሄዱትን የላስቲክ ቱቦዎች እጠፍ አድርገህ እያቸው፤ ላያቸው ከተሰነጣጠቀ አትዘንላቸው። ከዘይቱ ውስጥ አየር ስታስወጣ ፔዳሉ ከሚገፋው ከዋናው ፖምፓ ከሚርቀው፣ ማለትም ከኋላ ቀኝ ጎማ ጀምር። ፔዳል የሚረግጥልህ ሰው ያስፈልግሃል። ጓደኞችህ ለዚህ ይሆናሉ። የፈሰሰ የፍሬን ዘይት ቀለም ይልጣል፤ ከቀለም የጀመርክ ቢሆን ኖሮ አሁን ስታለቅስ ነበር።

አሁን ወደ ሞተሩ። ሞተሪኖውን፣ ማለትም ማስነሻውን፣ እንዳትነካ። አራቱን ካንዴላ (እሳት የሚረጩትን) አውጣና በየቀዳዳው አንድ የሾርባ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምረህ ሁለት ሌሊት ተዋት። ከዚያ ከፊት ያለውን የፑሌጃ ብሎን በቁልፍ ይዘህ በእጅህ አዙራት። እሺ ካለችህ ደስ ይበልህ። እምቢ ካለች አትታገላት፤ ዘይት ጨምርና ሌላ ሁለት ቀን ጠብቅ። በጉልበት ያዞረ ሰው የፒስተኑን ፋሻ (ቀለበት) ሰብሮ ቁጭ ብሏል። ታንከሩ ውስጥ የቀረው ቤንዚን ደግሞ ቤንዚን መሆኑ ቀርቷል፤ ሽታው ቫርኒሽ ነው። አፍስሰው፣ ካርቡራተሩንም ፈትተህ እጠበው።

ያንተ ሞተር 4ኬ ነው፣ 1,290 ሲሲ፤ እኔ እንደሱ ቤት ውስጥ ለመማሪያ የሚመች ሞተር አላውቅም። ፑንቲናው፣ ማለትም እሳቱን የሚቆራርጠው መገናኛ፣ 0.45 ሚሊ ሜትር ይከፈት። የቫልቮላዎቹን ክፍተት ሞተሩ ሲሞቅ አስተካክል፣ የመሳቢያው 0.20፣ የጭስ ማውጫው 0.30። የካንዴላ ገመዶቹ ተራ 1፣ 3፣ 4፣ 2 ነው። በግምት አትሥራ፤ የክፍተት መለኪያ ውድ ዕቃ አይደለም።

«ዳገት ላይ ሰነፍ» ላልከው፣ ልጄ፣ ያባትህን መኪና ስም አታጥፋ። ደሴ ላይ ያለው አየር ከባሕር ጠለል ጋር ሲተያይ ሩብ ያህል ይሳሳል። 60 ገደማ የፈረስ ጉልበት ይዛ የተወለደች መኪና እዚህ 45 ገደማ ነው የሚደርሳት። ካርቡራተሩ ይህን አያውቅም፤ አየሩ ሲቀንስ እሱ ቤንዚኑን እንደ ድሮው ያፈሳል። ካንዴላውን አውጥተህ እየው፤ ጥቀርሻ የለበሰ ከሆነ እየጠገበች ነው እንጂ እየራባት አይደለም። የካርቡራተሩን ዋና ጂግለር (ቤንዚን የሚያልፍበትን ቀዳዳ) አንድ ደረጃ አሳንስ፣ የካንዴላውን እሳት በሁለት ዲግሪ ያህል አስቀድም፤ ሞተሩ ማንኳኳት ከጀመረ ግን መልስ። መጀመሪያ ይህን አድርገህ ወደ ቦሩ ሜዳ ንዳትና ከዚያ ጻፍልኝ።

ያኔም ካልረካህ 5ኬ የሚባለውን ሞተር ፈልግ። 1,486 ሲሲ ነው፣ የዚያው ቤተሰብ ልጅ ስለሆነ ባንተው ማሰሪያና ባንተው ካምቢዮ ላይ ይቀመጣል። ከላይት ኤስ ሚኒባስ የወጣ ከሆነ የታችኛውን የዘይት ገንዳና የዘይት መሳቢያውን ከራስህ ሞተር አዛውርበት። ሰዎች 4ኤ የሚባለውን ሌላ የቶዮታ ሞተር ግጠም ይሉሃል፤ አብዛኛው እዚህ የሚገኘው ፊት ጎማ ለሚያሽከረክር መኪና የተሠራ ነው፣ ያንተ ደግሞ ከኋላ ነው የምትገፋው፤ ሥራው ካሰብከው እጥፍ ይሆናል። የትኛውም ቢሆን የሞተር ቁጥሩ ሊብሬህ ላይ ተጽፏል። መንገድ ትራንስፖርት ሄደህ ሞተሩን ከመግዛትህ በፊት ጠይቅ፤ ገዝተህ፣ ገጥመህ፣ ለቦሎ ስትሄድ አይደለም።

ሞላውን አትቁረጥ። ሴዳኗ ኮሮላ ከቀደሙት እህቶቿ የተለየችበት አንዱ ነገር ከኋላ በባሌስትራ (በተደራረበ የብረት ዝርግ) ፋንታ ሞላ ማግኘቷ ነው፤ ያንን ምቾት በመጋዝ ልታጠፋው? የተቆረጠ ሞላ ጉድጓድ ላይ ጎማው ሲንጠለጠል ከመቀመጫው ሊወጣም ይችላል።

ቸርኬውም አይገባም። ያንተ መኪና አራት ብሎኖች በመሐል ለመሐል ሲለኩ ከአንዱ እስከ ፊት ለፊቱ 114.3 ሚሊ ሜትር ናቸው፤ የቪትዝ 100 ነው። ማስመሪያ ይዘህ ራስህ ለካው። ሻጩ «ትንሽ ቀዳዳውን ሰፋ እናደርገዋለን» ካለህ አመስግነህ ውጣ።

የቀረው ላሜራው ነው። ማግኔት በጨርቅ ጠቅልለህ መኪናዋን ዙራት፤ የማይስብበት ቦታ ስቱኮ፣ ማለትም የመሙያ ልስን፣ ነው። የፊት ፓራፋንጎ (የጭቃ መከላከያ) ከጎማው ኋላ ያለውን ታችኛውን ጫፍ፣ ከበሮቹ ስር ያለውን ደረጃ፣ የፊት መስታወቱን ላስቲክ ዙሪያ፣ ባትሪው የሚቀመጥበትንና ትርፍ ጎማው የሚተኛበትን ጉድጓድ እይ። የበሮቹን ታች በሽቦ ብሩሽ ስታጸዳ ትንንሽ ቀዳዳ ታገኛለህ፤ ፋብሪካው ለውሃ መውረጃ የተዋቸው ናቸው፣ እንዳትደፍናቸው። የበሰበሰውን ቆርጠህ አዲስ ላሜራ አስበይድ። ስቱኮ በዝገት ላይ መለሰን ማለት ቁስልን ሳያጥቡ መጠቅለል ነው፤ በቀጣዩ ክረምት ያብጣል። መጀመሪያ ጥርት ያለ ብረት፣ ከዚያ አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም)፣ ከዚያ ስስ ስቱኮ። ቀለሙን ሐምሌና ነሐሴ አታስቀባ፤ እርጥበቱ ቀለሙ ላይ ይተኛና ወተት ያስመስለዋል። ጥቅምት አልፎ ኅዳር ሲገባ ወይም ኮምቦልቻ ወርደህ አስቀባ።

ዕንቁ ነጩን በተመለከተ ያንተ ፈቃድ ነው። ግን ኮፈኑን ስትከፍት የሞዴል ሳህኗ ላይ የቀለም ቁጥር አለ፤ ፖርታ ባጋልዩ (የኋላ ዕቃ መጫኛ) ውስጥ ምንጣፉን ብታነሣ ደግሞ ፀሐይ ያላየው የአባትህ ቀለም እንዳለ ይጠብቅሃል። እሱን ሳታይ አትወስን።

ጥያቄ፦ የምኖረው ኮምቦልቻ ነው፣ ዲኤክስ ነው የምነዳው። ወደ ደሴ ስወጣ ሐረጎ ላይ ትፈላብኛለች። የወሰድኩበት ጋራዥ «ቴርሞስታቱ ነው» ብሎ አውጥቶ ጣለው። አሁንም ትፈላለች፤ ጠዋት ጠዋት ደግሞ አትሞቅም፣ ቤንዚንም በዝቶባታል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ቴርሞስታቱን ያወጣው ሰው ጠዋትዎን አበላሽቶ ከሰዓትዎን አላዳነም። ቴርሞስታት ማለት ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን የሚያግድ በር ነው፤ አዲስ፣ በ82 ዲግሪ የሚከፈት፣ ያስመልሱበት። ከዚያ የራዲያተሩን ክዳን ይመልከቱ። ደሴ ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ ሽሮ የሚሠራ ሰው ይህን ያውቃል። ራዲያተርዎ ግን ክፍት ድስት እንዳይሆን ነው 0.9 የተጻፈበት ክዳን የተሰጠው፤ ግፊቱን ከያዘ ውሃው ከ110 ዲግሪ በላይ ሳይፈላ ይቆያል። የክዳኑ ጎሚኒ ከደረቀ ሞተሩ ደህና ሆኖ ሳለ ሐረጎ አናት ላይ ውሃው ይገነፍላል። ክዳን ርካሽ ነው፤ ከሌላው ሁሉ በፊት እሱን ይቀይሩ። ሞተሩ እንደሞቀ ግን እንዳይከፍቱት።

አዲስ ክዳን ገጥመውም ከፈላች፣ በቀዝቃዛ ሞተር ክዳኑን ከፍተው ያስነሡና ውሃውን ይዩ። አረፋ ያለማቋረጥ ከወጣ የቴስታታው ጓርኒሲዮን (ከሞተሩ ራስ ስር ያለው ማሸጊያ) ተበላሽቷል ማለት ነው፤ ያኔ ወደ ሌላ ጋራዥ ይሂዱ።

ጥያቄ፦ ከደሴ፣ ፒያሳ። ጉም ሲወርድ የዲኤክሴ መብራት ሻማ ነው። ሊድ አምፖል ላስገባ?

መልስ፦ አታስገባ፤ ለሌላ አምፖል በተሠራ መብራት ውስጥ ሊድ ብርሃኑን ይበትነዋል፣ ጉም ውስጥ ደግሞ ነጭ ግድግዳ ይሆንብሃል። ሞተሩ እየሠራ መጀመሪያ ባትሪው ላይ፣ ቀጥሎ አምፖሉ ላይ ቮልት ለካ። ልዩነቱ ከአንድ ቮልት ከበለጠ ኃይሉን አሮጌው ሽቦና ማብሪያው እየበሉት ነው። ከባትሪው በፊውዝ አዲስ ወፍራም ሽቦ ስበህ በሪሌ (በኤሌክትሪክ በሚሠራ ማብሪያ) አገናኘው፤ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ከዚያ በፊት ግን የመብራቱን መስታወት በሳሙና እጠበው።